በቢሮ የደም ግፊት ማስለካት፦ የአንድ ቀን ዘመቻ፣ ተመላላሽ ነርስ ወይስ የራስ መለኪያ?

መሀል ከተማ ላይ፣ ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ፎቆች ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የደም ግፊት ማስለካት ሲፈልግ ሦስት አማራጭ አለው። አንደኛው ክሊኒክ ቡድን ልኮ በአንድ ቀን ሁሉንም ለክቶ የሚሄድበት ዘመቻ ነው። ሁለተኛው በውል የተያዘች ነርስ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ እየመጣች የምትለካበት ነው። በሦስተኛው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ዲጂታል መለኪያ ገዝቶ አንድ ጥግ ላይ ያስቀምጣል። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሦስተኛው ይመረጥ። ለሁለት ከበቃ ነርሷም ትጨመር። ዘመቻው ለፎቶ ያምራል፣ ለልብ ግን የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። አንድ ሰው በትክክል እንዲለካ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ከዚያ አንድ ልኬት፣ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ ሁለተኛ ልኬት፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ማሰሪያ ፈትቶ ለቀጣዩ ማሰር አለ። ሲደመር ወደ አሥር ደቂቃ ይጠጋል። ሁለት ወንበር ተዘጋጅቶ አንዱ ሲለካ ሌላው ቢያርፍ እንኳ አንዲት ነርስ በአንድ መለኪያ በሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ብታደርስ ነው። 120 ሠራተኛ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 ድረስ በአንድ ነርስ ይለካ ከተባለ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በሁለት ደቂቃ የሚገኘው ቁጥር ሊፍት ተበላሽቶበት አምስት ፎቅ በእግሩ የወጣ፣ ተሰልፎ የቆመና ከጓደኛው ጋር እያወራ ክንዱን የዘረጋ ሰው ቁጥር ነው። ማውራት ብቻውን የላይኛውን ቁጥር፣ ማለትም ልብ ደም ስትገፋ ያለውን ግፊት፣ ወደ አሥር ሊያስጨምር ይችላል። በዚህ ዓይነት ልኬት ጤነኛው ሰው ደንግጦ ይሄዳል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ 124 ሲባል ደግሞ «ያ ማሽን ውሸታም ነው» ብሎ ሁለተኛ አይለካም።

ከዚህም በላይ በአንድ ቀን ልኬት የደም ግፊት በሽታ አለ አይባልም። ሐኪም ለመወሰን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተወሰደ ልኬት ይፈልጋል፤ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ካለ ወይም ሌላ የጉዳት ምልክት ካለ ብቻ ነው የማይጠብቀው። ዘመቻው ደግሞ በማግስቱ የለም።

ምንም አይረባም ማለት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ 1.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ 44 በመቶው እንዳለባቸው አያውቁም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚመረምረው ሀገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ከፍተኛ የደም ግፊት ያላቸውን አዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ አድርጎ አግኝቷል። አያምም፣ አያሳክክም፤ ስለዚህ ክንዱን ለማሰሪያ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው በየቢሮው አለ። ያንን ሰው ከወንበሩ የሚያስነሳው ግርግሩ ነው። ዘመቻ ማዘጋጀት የግድ ከሆነ የዓለም የደም ግፊት ቀን የሚውልበትን ግንቦት 9 የመክፈቻ ቀን ማድረግ ነው። ከአቅራቢው ጋር ሲዋዋሉም ሦስት ነገር በጽሑፍ ይግባ፦ በአንድ መለኪያ በሰዓት ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ እንዳይለካ፣ ቢያንስ ሁለት መጠን ያለው ማሰሪያ ይዘው እንዲመጡ፣ 140/90 (የላይኛው ቁጥር 140፣ ልብ ስታርፍ ያለው የታችኛው 90) እና ከዚያ በላይ የተገኘባቸውን ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሰው እንዲለኩና ይህም በዋጋው ውስጥ እንዲካተት። አቅራቢው በሦስተኛው ነጥብ ላይ ካንገራገረ ሌላ ይፈለግ።

ተመላላሿ ነርስ ጋ ስንመጣ፣ መለካቱን ማሽኑም ይሠራዋል። ማሽኑ የማይሠራው «መድኃኒትህን ከመቼ ጀምሮ ተውከው?» ብሎ መጠየቅን ነው። የደም ግፊት ክኒን ጀምሮ ቁጥሩ ሲወርድለት ዳንኩ ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፤ ቁጥሩ የወረደው በክኒኑ መሆኑን የሚነግረው ይፈልጋል። ጾም ሲገባ የጠዋቱን ክኒን የሚዘልም አይጠፋም። አምሎዲፒንን የመሰለው በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ፣ ሐኪሙን ጠይቆ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል ነበር። እንዲህ ያለው ምክር የሚገኘው ከሲስተር ነው፤ የውሉ ዋጋም የሚከፈለው ለዚህ ነው።

የነርሷን ሥራ ጥራት ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ መመርመር ይችላል። በእጅ የሚነፋውንና በማዳመጫ የሚሰማውን ባለ መርፌ መለኪያ የምትጠቀም ከሆነ፣ ከመነፋቱ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙ ይታይ። ይህ ዓይነቱ መለኪያ አንዴ ከወደቀ ስለሚዛባ በየስድስት ወሩ ተመሳክሮ መስተካከል ይገባዋል። አየሩም በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ እየወረደ መለቀቅ አለበት፤ ቶሎ ከተለቀቀ የላይኛው ቁጥር ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ይነበባል። ሌላው ፍተሻ መዝገቡ ውስጥ ነው። መርፌው በሁለት በሁለት ስለሚነበብ በዜሮ የሚጨርሱ ቁጥሮች ከአምስት አንድ ገደማ መሆን ነበረባቸው። ገጹ ሙሉ 120/80፣ 130/80፣ 110/70 ከሆነ ቁጥሩ በግምት እየተጠጋጋ ነው ማለት ነው። 138 የነበረው 130 ተብሎ ከተጻፈ ሰውየው በሰላም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚገዛው መለኪያ።

የሚገዛው በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ራሱ የሚነፋ ዲጂታል መለኪያ ነው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ርካሽና ቀላል ቢሆንም እጁ ከልብ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳት ለጋራ አገልግሎት አይሆንም። ያለ ማሰሪያ ግፊት እናሳያለን የሚሉት ስማርት ሰዓቶችና ቀለበቶች ደግሞ ከነጭራሹ ይቅሩ፤ የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለምርመራም ለክትትልም አይመክራቸውም።

ካርቶኑ ላይ «ክሊኒካሊ ቫሊዴትድ» (ትክክለኛነቱ በጥናት የተረጋገጠ) የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ አይታመን። ሞዴሉ ስትራይድ ቢፒ በተባለው፣ የተመሰከረላቸውን መለኪያዎች በሚይዘው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ በስልክ ይታያል፤ ፍለጋው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መታየት ያለበት የሞዴሉ ቁጥር እንጂ የኩባንያው ስም አይደለም። ታዋቂ ስም ያለው ኩባንያ ያልተመሰከረለት ሞዴልም ሊኖረው ይችላል፣ የታዋቂ ስም አስመስሎ የተሠራም ገበያ ላይ አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ስለሆነ የሁለት ሰው ማኅደረ ትውስታ አለው ተብሎ ተጨማሪ መክፈል ዋጋ የለውም። ገንዘቡ ማሰሪያ ላይ ይዋል።

ማሰሪያው ከማሽኑ እኩል ወሳኝ ነው። መደበኛው ብዙ ጊዜ የክንድ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው፤ ትልቁ ከ32 እስከ 42። ከ22 እስከ 42 የሚሸፍን ሰፊ ማሰሪያ ያላቸው ሞዴሎችም አሉ፣ ለቢሮ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ማሰሪያው ጠባብ ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ሲሰፋ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መደበኛውን ማሰሪያ ትልቅ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ ሲሞክር የላይኛው ቁጥር በ5 ገደማ፣ በጣም ትልቅ በሚያስፈልጋቸው ላይ ሲሞክር በ20 ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። 20 ማለት ጤነኛውን ሰው መድኃኒት ሊያስጀምር የሚችል ስህተት ነው። ክንዳቸው ከ22 በታች የሆነ ቀጫጭን ሠራተኞች ላይ ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ይሄድና ያለውን ግፊት ይደብቃል። ስለዚህ ከመለኪያው አጠገብ የልብስ ሰፊ ሜትር ይንጠልጠል። የሚለካው በትከሻና በክርን መካከል ላይ ነው፤ አንዴ ተለክቶ ሰውየው ቁጥሩን ካወቀ በየጊዜው አይደገምም።

አዲስ አበባ ላይ ሻጭ የማይጠየቀው ነገር ደግሞ አለ፣ ከፍታው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 770 ሄክቶፓስካል ነው። የብዙ መለኪያዎች መመሪያ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን መሣሪያው የሚሠራው ከ800 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል ባለ አየር ውስጥ ነው ይላል። መለኪያው የማሰሪያውን ግፊት የሚያነበው ከአካባቢው አየር ጋር አነጻጽሮ ስለሆነ እዚህ ሲመጣ ይበላሻል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ዋስትና ከሰጠበት ክልል ውጭ ይሠራል ማለት ነው። ሠንጠረዡ ከ700 ጀምሮ የሚል ሞዴል ከተገኘ እሱ ይቅደም። ካልተገኘ ማሽኑ በተገዛ ሳምንት ነርሷ በተስተካከለ መለኪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ታመሳክረው፤ ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ5 ካለፈ ለሻጩ ይመለስ። ይህ እንዲቻል ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት የማይሰጥ ሱቅ ዋጋው ቢረክስም ይለፍ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለሚዋዥቅ እዚህ ላይ ብር መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ከሁለት ሦስት አስመጪ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ይሻላል።

ጥጉ የት ይሁን? ከሊፍት በር፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽንና ከሻይ ክበብ ይራቅ። ጠረጴዛው መደበኛ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ወንበሩ መደገፊያ ያለውና ጎማ የሌለው ይሁን። ለእንግዳ መቀበያ የሚቀመጠው ዝቅ ያለ ሶፋ አይሆንም፦ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ ክንድም ከልብ በታች ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት ክንድ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ፣ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ሲለካ ደግሞ በ6.5 ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፍ፣ ማሰሪያውም ከልብ ትይዩ ይሁን። እግር ለእግር አይቆላለፍ፣ መርገጫው መሬት ይሁን።

ማሰሪያው የሚታሰረው በራቁት ክንድ ላይ ነው። ክረምት ላይ ሹራብ ሳያወልቁ ከላይ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ እጅጌን ጠቅልሎ ወደ ላይ መስቀል ደግሞ የባሰ ነው፣ ጥቅሉ ራሱ ክንድን ያንቃል። የታችኛው ጠርዝ ከክርኑ እጥፋት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎማው በክንድ ውስጠኛ በኩል ወደ መዳፍ ይውረድ፣ ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይግባ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ደረጃ መውጣት የለም፤ አቦል የተጠጣበት ቁጥር ለመዝገብ አይሆንም። ከምሳ በኋላ ጫት የያዘ ሰው በዚያ ቀን ባይለካ ይሻላል፣ ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ሽንት መያዝም ቁጥሩን በግልጽ ያስጨምራል፣ ብዙ ሰው ይህን አያስብም። ከሁሉ የሚመቸው ሰዓት ሠራተኛው ገብቶ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከቡናው በፊት ያለው ነው፤ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካ ሰው ሁለቱንም ክንድ ይለካ። የበለጠ ቁጥር ያሳየው ክንድ ከዚያ በኋላ ቋሚ መለኪያው ይሆናል። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 ካለፈ ለሐኪም መነገር አለበት።

ማሽኑ ሲያስቸግር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አይዘልም። ስህተት ብሎ የሚቆም ከሆነ ሰውየው ተንቀሳቅሷል ወይም አውርቷል። እየነፋ ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ጎማው ከመሰኪያው በደንብ አልገባም። ቁጥሩ ከሰው ሰው ያለ ልክ የሚዘል ከሆነ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ሰው ከፍ ከፍ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የጠረጴዛው ወይም የማሰሪያው መጠን ነው። የልብ ምት መዛባት ምልክት ሲያበራ ግን ማሽኑ አልተበላሸም፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገም፣ ከደገመው ሰውየው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ። በዚህ ጊዜ የግፊቱ ቁጥርም ያን ያህል አይታመንም።

ስለ ቁጥሮቹ። ከ130/85 በታች የሆነ ሰው በዓመት አንዴ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሆኖ ከ140/90 በታች ያለው በየሦስት ወሩ ይለካ። በነርስ እጅ 140/90 የደረሰ ሰው በሌላ ቀን ይደገምለትና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ይላክ። ሰው ብቻውን ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሲለካ ግን መነሻው 135/85 ነው፤ ከባለሙያ ፊት ያለው መደናገጥ ስለማይኖር ቁጥሩ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ይህን ልዩነት ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። 160/100 ያለፈ ሰው ሳምንት አይጠብቅ። 180/120 የሆነ ሰው አምስት ደቂቃ አርፎ ይደገምለት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይድረስ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአፍ መያያዝ፣ የዓይን መጋረድ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለበት ግን መድገሙ ይቅርና ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። የጓደኛን ክኒን መስጠት፣ በተለይ ቶሎ ይውረድልህ ብሎ ከምላስ ሥር ማስቀመጥ፣ ግፊቱን በድንገት ጥሎ ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር።

መዝገቡ ላይ አብዛኛው ቢሮ ይሰናከላል። ስም፣ የሥራ ክፍልና ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ማሽኑ አጠገብ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ በሁለተኛው ሳምንት የሚለካ ሰው ይጠፋል። ማን ነው አለቃው ግፊቱን እንዲያነብበት የሚፈልግ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ የሚገባ ካርድ ይሰጠው፣ ቁጥሩ እሱ ጋ ይቅር። የሰው ሀብት ክፍል የሚያስፈልገው ስንት ሰው እንደተለካና ስንቱ እንደተላከ ብቻ ነው። ያም በሥራ ክፍል ሲከፋፈል አምስት ሰው ባለበት ቢሮ «አንድ ከፍተኛ ተገኝቷል» ማለት ስም እንደመጥራት ነው፤ ድምሩ በመሥሪያ ቤት ደረጃ ይቅረብ።

ሥራ አስኪያጅን ማሳመን ካስፈለገ ሕጉ ራሱ ይረዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ስትሮክ የመታው ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ክኒኑን ለመውሰድና ለመታየት በወር አንድ ግማሽ ቀን ፈቃድ መስጠት ኢምንት ነው፤ ፈቃዱ ከሌለ ግን መለካቱ ሰውን ከማስደንገጥ አያልፍም። ካፌ ያለው መሥሪያ ቤት ጨውንም ይመልከት፦ በዚያው የስቴፕስ ጥናት አማካይ የቀን ፍጆታ ከ8 ግራም በላይ ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ሽሮው ሲሠራ የሚገባውን ጨው መቀነስና የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛ ማንሳት ገንዘብ አይጠይቅም።

ለዓመቱ በጀት የሚያዘው፦ አንድ የላይኛ ክንድ መለኪያ ከሰፊ ማሰሪያ ጋር፣ አንድ መጠባበቂያ ማሰሪያ፣ ሁለት ዙር ጥሩ ባትሪ ወይም የራሱ አዳፕተር፣ የነርስ አራት ጉብኝት፣ በዓመት አንዴ ማመሳከሪያ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ አዳፕተሩን ስለሚያቃጥለው ከማረጋጊያ ጋር ይሰካ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው የማሰሪያው መለጠፊያ ነው፤ ሲነፋ ቸር ቸር እያለ መላቀቅ ከጀመረ ይቀየር። ማሰሪያው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑና መለዋወጫው እዚሁ መገኘቱ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ይጠየቅ።